ባለሙያ

«ባለሙያው የለም?» አለኝ ሰውዬው፣
እጄ ላይ ያለውን ፒንሳ እያየው።
ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ከአደባባዩ ወረድ ብሎ፣
የቆርቆሮ ሱቅ፣ ላሜራ ደጁ ላይ ተደላድሎ።
«ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ነው? ልጠብቀው?»
ብሪቱ ከሞርሳው ቀና አለች፣ ሳቋን በጓንቷ ልትደብቀው።
«እዚሁ አለ» አልኩት። «ልኬቱን ይንገሩኝ።»

ይህ ቃል ያውቀኛል፤ ከድሮ ነው የሰፉልኝ፣
ለሌላ ሴት ተለክቶ፣ ብብቴ ላይ ጠበበኝ።
የባሌ እናት፣ እትዬ ዘነቡ፣ በገባሁ በሳምንቱ
ዶሮና ቢላ ሰጡኝ፤ ችሎት ተቀመጠ በቤቱ።
«አሥራ ሁለት ብልት ነው፤ ሴት በዚህ ትለያለች።»
አሥራ አንድ ወጣልኝ።
አንዷ የት እንደገባች ዶሮዋ ታውቃለች።
ወሬው ከጀሪካኔ ቀድሞ ቦኖው ጋ ደረሰ፤
«ሙያ የላትም» ስሜ ሆኖ ሰፈሩን አዳረሰ።

ባሌ ሲኖትራክ ይነዳ ነበር።
አንድ ሌሊት ወደ ሞያሌ ነዳ።
ሲኖትራኩ ተመለሰ።

«ሥልጠና፣ ስድስት ወር፣ በነጻ» ይላል ወረዳው የለጠፈው።
መዝጋቢዋ ቀና ሳትል፣ «ምግብ ዝግጅት ልጻፈው?»
«ብየዳ» አልኳት።
«ውይ! ከወንዶቹ ጋር? ምን አስቦሽ ነው እህቴ?»
ምን ልበላት? ከብልት እስከ ብረት
መንገዱ አንድ ፊደል ነው፤ እሱን ነው የለወጥኩት።
«ይጻፉልኝ» ብቻ አልኩ።

መምህር ጉተማ ክፉ ሰው አይደለም፤ ኤሌክትሮድ ሲያካፍል ግን
ለወንዶቹ ሙሉውን፣ ለእኔና ለብሪቱ ቁራጩን።
ቁራጭ እሳቱ አጭር ነው፤ ልሳሳት ብትይ አይጠብቅሽም፤
በትራፊ የተማረ እጅ፣ ሙሉ ሲያገኝ አይንቀጠቀጥም።
በሦስተኛው ቀን ዓይኔ ተመታ።
ሽፋሽፍቴ ሥር አሸዋ ሲፈጭ አደረ።
ብሪቱ ድንች ቆርጣ ለጠፈችልኝ፣
ለወጥ ያልሆነ የመጀመሪያው ድንቼ።
እናቴም ከመርሐቤቴ የደወለችው ያን ለት፦
«ብረት ትነካለች አሉኝ፤ ጠይብ የለም በእኛ ቤት።»
«አሁን አለ፣ እማ» አልኳት፣ ከድንቹ ሥር እንባዬ እየወረደ፤
ከብየዳው ይሁን ከቃሏ፣ ማን አይቶ ማን ፈረደ?

የሰውዬው በር ሦስት ሜትር በሁለት ከሃያ ነበር።
ቱቦላሬውን በሜትር ለካሁ፣ ደግሜ ለካሁ፣
በስኳድራ ማዕዘኑን ያዝኩ፣ በጠመኔ ምልክት አኖርኩ።
ፍሌክሱ ጮኸ፣ ቆረጠ፣ ጮኸ።
መሬት ላይ ደርድሬ ስቆጥር፣ እንዲሁ፣ ሳላስበው፣
አሥራ ሁለት።
አንድም አልጎደለ። እትዬ ዘነቡ በኖሩና ባዩ!
«ይዙሩ፣ ዓይንዎን ይመታዎታል» አልኩት፤ «ወዲህ አይዩ።»
ጀርባውን ሰጠኝ፣ ወደ አስፋልቱ፣ እንደታዘዘ ልጅ ዝም ብሎ፤
የእኔ ብርሃን የእሱን ጥላ አስፋልቱ ላይ ዘረጋው፣ አንሥቶ ጥሎ።

ሒሳብ ላይ «መቼም ለሴት…» ብሎ ጀመረ፤
ብሪቱ መዶሻዋን አስቀመጠች። ቀስ ብላ። አልጨረሰውም፤ ቆጠረ።
በሩ በኢሱዙ ተጭኖ ወደ ኮዬ ፈጬ ሄደ።

ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።
በግራ፣ ከታችኛው ማጠፊያ ጎን፣
የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ አለች።
ቀለም ሸፍኗታል፤ ሰው አያያትም።
ክረምት ያገኛታል።

ማለዳ ማሽኑን በባጃጅ ጭኜ ኮዬ ወጣሁ፤
ብሎኩን በሰው አፍ፣ በሩን በራሴ እጅ አገኘሁ።
ጠጠር አንሥቼ የራሴን ብረት አንኳኳሁ።
«ማነው?» አለች ሴት ከውስጥ።
ያ ቃል ጉሮሮዬ ላይ እንደ ድሮው ጠበበ፤
ከዚያ የሆነ ስፌት ተተረተረ መሰለኝ፣ ላላ።
«ባለሙያዋ ነኝ» አልኩ።
«አንዲት የቀረችኝ አለች።»